ጉሽ ቢራ በሲያትል፣ ጉሽ ጠላ በደብረ ብርሃን

ብርጭቆው ፊቴ ሲቀመጥ መጀመሪያ ያሰብኩት እንዲቀየርልኝ መጠየቅ ነበር። ቢራው ደፍርሷል። ወደ መስኮቱ ብርሃን ባነሳው እንኳ ከወዲያ ያለው አይታይም፤ የብርቱካን ጭማቂ ይመስላል። ቦታው ሲያትል ውስጥ ባላርድ የሚባለው ሰፈር ነው። ድሮ የዓሣ አጥማጆችና የጀልባ ሠሪዎች መንደር ነበር፤ ዛሬ በእግር በሚዳረስ ርቀት ውስጥ ዐሥር የሚሆኑ ትንንሽ ቢራ ጠማቂዎች ተሰባስበውበታል። ቀጂው ፊቴን አይቶ ሳልጠይቀው መለሰልኝ፤ «አልተበላሸም፤ እንዲህ እንዲሆን ተብሎ የተጠመቀ ነው። አልተጣራም» አለኝ። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው አንድ ቃል ነበር፦ ጉሽ።

ምን እንዳልኩ ጠየቀኝ፤ አስረዳሁት። ጉሽ ማለት አተላው ገና ያልዘቀጠለት፣ ያልጠለለ ጠላ ነው። እኔ ባደግሁበት ቤት ለክብር እንግዳ የሚቀርበው የጠለለው ነበር፤ ጉሹን የሚጠጣው ቤተኛው ነው፣ ያውም ወድዶ። ሰውዬው በትኩረት አዳመጠኝና ከየትኛው እህል እንደሚጠመቅ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ምሬቱ ከምን እንደሚመጣ በተከታታይ ጠየቀኝ። ገብስ፣ ብቅል፣ ጌሾ አልኩት። ከዚያ በላይ የምመልሰው አልነበረኝም። ጠላ በሚጠመቅበት ቤት አድጌ የጠላ አጠማመቅ አላውቅም ነበር። ያ ምሽት ከቢራው ጣዕም ይልቅ በዚህ ምክንያት ከአእምሮዬ አልወጣም።

ቢራ እወዳለሁ። ሊቅ አይደለሁም፤ ማስታወሻ ይዤ አልዞርም፤ ሥራ ጨርሼ አንድ ሁለት ብርጭቆ ይዤ መቀመጥ ደስ ይለኛል። አገር ቤት ሳለሁ ስለ ቢራ የምንጠያየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ የየትኛው ፋብሪካ ነው? ቀዝቃዛ ነው ወይ? ድራፍት ከሆነም ጃምቦ ይምጣ ይባላል፤ አለቀ። ሰው የሚታወቀው በሚጠጣው ምልክት ነበር፤ አንዱ የጊዮርጊስ፣ ሌላው የሐረር፣ ሌላው የበደሌ ወዳጅ ተብሎ፣ ልክ እንደ እግር ኳስ ቡድን ደጋፊ። ስለ ገብሱ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ጠማቂው ሲነሳ አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ሁልጊዜ እንዲህ ጠያቂዎች አልነበሩም። መጠጥ በሕግ የተከለከለበት ዘመን፣ ከ1920 እስከ 1933 እ.ኤ.አ.፣ ትንንሾቹን ጠማቂዎች አጠፋቸው። ከዚያ በኋላ የተረፉትን ግዙፎቹ ፋብሪካዎች እየዋጧቸው ሄደው በ1970ዎቹ መጨረሻ በመላ አገሪቱ የቀሩት የቢራ ፋብሪካዎች መቶ አይሞሉም ነበር። አብዛኞቹ የሚጠምቁት ደግሞ አንድ ዓይነት ቀጭን፣ ቢጫ ቢራ ነበር። ለውጡን የጀመሩት ጥቂት ግትር ሰዎች ናቸው። ፍሪትዝ ሜይታግ በ1965 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሊዘጋ የደረሰውን አንከር የተባለ አሮጌ ጠማቂ ቤት ገዛ። ጃክ ማኮሊፍ በ1976 ሶኖማ ላይ ከሞላ ጎደል በገዛ እጁ በሠራው ዕቃ መጥመቅ ጀመረ፤ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ ቢዘጋም መንገዱን የተከተሉት ብዙ ናቸው። በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር ሰው በቤቱ ለራሱ ቢራ እንዲጠምቅ የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ። ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ያሉበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ማለትም ከ750 ሊትር በላይ፣ መጥመቅ ይችላል። ከጓዳና ከጋራዥ የተነሱት እነዚህ ጠማቂዎች ናቸው በኋላ ቤት ከፍተው ክራፍት ቢራ የሚባለውን ዓለም የፈጠሩት። ዛሬ የአሜሪካ ጠማቂ ቤቶች ቁጥር ከዘጠኝ ሺህ በላይ ነው።

ያንን ሕግ ባነበብኩ ጊዜ ብዙ አሰብኩ። እነርሱ በ1978 በአዋጅ ያስመለሱትን መብት እናቶቻችን መቼም አጥተውት አያውቁም። ጋኑ ከጓዳችን ወጥቶ አያውቅም።

ወደ ጣዕሙ ልመለስ። በእነዚህ ቤቶች በአንድ የእንጨት ሰሌዳ ላይ አራት ወይም አምስት ትንንሽ ብርጭቆ ተደርድሮ ይመጣል፤ ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ትቀምሳለህ። የመጀመሪያዬ ኢንዲያ ፔል ኤል የሚሉት ነበር፤ ሆፕ የበዛበት። ምሬቱ ምላሴ ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ከግማሽ በላይ መጠጣት አልቻልኩም። ሆፕ ለቢራ ጌሾ ለጠላ የሚሆነውን ነው፤ ያመርራል፣ እንዳይበላሽም ይጠብቃል። ዝምድና ግን የላቸውም፤ ሆፕ ሐረግ ነው፣ ጌሾ ቁጥቋጦ። በሦስተኛውና በአራተኛው ጊዜ ከምሬቱ ሥር የተደበቀ ሌላ ነገር ተሰማኝ፤ የሎሚ ልጣጭ፣ የጥድ ሙጫ። ከዚያ በኋላ ወደድኩት።

ጎምዛዛዎቹ ይበልጥ አስገረሙኝ። ጎዘ የሚባል አለ፤ ጎስላር ከምትባል የጀርመን ከተማ የተነሳ፣ ጨውና ድንብላል የሚገባበት ቢራ። ቀመስኩትና «ይህ ሆምጥጧል» አልኩ። አዎ፣ እንዲሆመጥጥ ተደርጎ ነው። በእኛ አገር ጠላ ሲሆመጥጥ ጠማቂዋ ታፍራለች፤ እዚህ ጉምዛዜው በልክ እንዲመጣ ይደከምበታል። ለዚህኛው ልቤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም። በበጋ ቀን፣ ከፀሐይ መልስ፣ አንድ ትንሽ ብርጭቆ ይበቃኛል።

ሳላስበው ያስለቀሰኝ ግን የጭሱ ቢራ ነው። በጀርመን ባምበርግ የምትባል ከተማ አለች፤ እዚያ ብቅሉን ቢች በተባለ ዛፍ እንጨት ጭስ ያደርቁታል። ብቅል በእሳት ላይ በሚደርቅበት ዘመን አብዛኛው ቢራ ጭስ ጭስ ይል ነበር፤ ባምበርጎች ያንን አልተዉም። በዚያ መንገድ የተጠመቀውን ባላርድ ውስጥ አዘዝኩና ገና ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የአክስቴ ጓዳ መጣብኝ። የወይራ ጭስ። በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ጭስ ላይ ተደፍቶ የታጠነ ጋን። በእርግጥ መንገዱ ይለያያል፤ እነርሱ ጭሱን የሚያሳልፉት በብቅሉ በኩል ነው፣ እኛ በዕቃው። አፍንጫ ግን ይህን አይለይም። ብርጭቆውን ይዤ ለብዙ ደቂቃ ምንም ሳልናገር ተቀመጥኩ። ጎኔ የነበረው ጓደኛዬ ምን ሆንክ ሲለኝ «ቤት ሄጄ ነበር» ብዬ መለስኩለት።

አንድ መስከረም መጀመሪያ ላይ የሆፕ አዝመራ ለማየት ወደ ያኪማ ሸለቆ ነዳሁ። ከሲያትል ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ዝናባማውን የካስኬድ ተራራ ስታልፍ አገሩ ድንገት ደረቅና ወርቃማ ይሆናል። የአሜሪካ ሆፕ ሦስት አራተኛ ገደማ የሚበቅለው በዚህች የዋሽንግተን ግዛት ነው፤ አብዛኛውም በዚሁ ሸለቆ። ሐረጉ አምስት ሜትር ተኩል ከፍታ ባለው ገመድ ላይ ተጠምጥሞ ይወጣል፤ በመስመሮቹ መካከል ስትሄድ በአረንጓዴ ግድግዳ መሃል ያለህ ይመስልሃል። አበባውን ቆርጬ በመዳፎቼ መሃል አሸሁት። ቢጫ ብናኝ ወጣ፤ ሽታውም እስከ ማታ ከእጄ አልለቀቀም። መጠጥ ከተከለከለበት ዘመን በኋላ በአሜሪካ የመጀመሪያውን ራሱ ጠምቆ ራሱ የሚሸጥ መጠጥ ቤት በርት ግራንት የከፈተው በ1982 በዚችው በያኪማ ከተማ ነው። በአዝመራው ሰሞን ሆፑ ከተቆረጠ በአንድ ቀን ውስጥ ሳይደርቅ ከጋኑ የሚገባበት ልዩ ቢራም አለ። ሰዎች ለእርሱ ብቻ ከሩቅ ይመጣሉ። ገበሬውን ያመሰግናሉ፤ የማሳውን ስም ያውቃሉ።

በሌላ ቀን አንድ ጠማቂ ቤት ሰሌዳ ላይ «ይርጋጨፌ» የሚል ቃል አየሁ። ጥቁር ቢራ ነው፤ የእኛ ቡና ገብቶበታል፤ የቡናው አገር ስሙ ሳይቀር ተጽፏል። ደስ አለኝ፤ ወዲያውም ከፋኝ። እኛ ራሳችን በስሙ ጠርተን የማናውቀው ስንት ነገር አለን?

በዚህ ጥያቄ ተይዤ ነው ከሰባት ዓመት በኋላ ወደ አገር ቤት የሄድኩት። ደብረ ብርሃን ተለውጣለች። ሐበሻ ቢራ ፋብሪካው እዚያ ነው፤ ዳሸንም ሁለተኛ ፋብሪካውን የተከለው እዚያ ነው፤ የውጭ ኩባንያ የብቅል ፋብሪካ ከፍቷል። የሰሜን ሸዋ ገበሬ ገብስ ገበያ አግኝቷል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የፋብሪካዎቻችንን ቢራም አላቃልልም። በ1842 እ.ኤ.አ. በቼኮች ከተማ በፒልሰን ከተጠመቀው ወርቃማ ቢራ የሚወርድ ላገር ነው፤ በቅዝቃዜ፣ በትዕግሥት የሚሠራ፣ ጥቂት ስህተት እንኳ የሚያጋልጥ ንጹሕ መጠጥ። ሲያትል ውስጥ ብዙ ጠማቂዎች ጥሩ ላገር መሥራት ከሁሉ እንደሚከብድ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ቅር የሚለኝ ሁሉም አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። አዲስ አበባ ቦሌ ላይ ራሱ እየጠመቀ የሚሸጥ ቢራ ጋርደን የሚባል ቤት አለ፤ ወርቃማውንም ጥቁሩንም ጠጥቼ ደስ ብሎኛል። እንዲህ ያለው ግን በጣም ጥቂት ነው።

የሄድኩበት ዋና ጉዳይ ግን ከአክስቴ ቤት ሁለት አጥር አልፎ ያለው ጠላ ቤት ነው። በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ሌላ ምልክት የለውም። ሴትዮዋ ስትቀዳልኝ በመጀመሪያ በመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ይህን ልማድ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ፤ የዚያን ቀን ግን አስተዋልኩት። በሲያትል ቀጂው ሳታዝ በፊት ትንሽ ያስቀምስሃል፤ ይስማማህ እንደሆነ አንተ ትመርጥ ዘንድ። እዚህ የምትቀምሰው እርሷ ናት፤ ክፉ ነገር እንደሌለበት በራሷ ሕይወት ልታረጋግጥልህ። ሁለቱም ደግነት ነው። የእኛው ግን ከአደራ የሚቆጠር ነው።

«እትዬ፣ ገብሱ ከየት የመጣ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ጠላ ሊጠጣ መጥቶ ገብስ የሚጠይቅ ዛሬ አየሁ» አሉ። ከምር መጠየቄን ሲያዩ ግን በርጩማቸውን ሳብ አድርገው ተቀመጡ። «ከአንጎለላ ነው፣ ልጄ። ነጭ ገብስ። ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ለቆሎ ነው፤ ለጠላ አይሆነኝም።»

ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩኝ። ጌሾው ለጠላ ቅጠሉ እንደሚበዛ፣ ለጠጅ ግን እንጨቱ እንደሚመረጥ። ጥንስሱ ሁለት ሦስት ቀን እንደሚሰነብት። ብቅሉና ቂጣው ገብቶ ድፍድፉ እንደሚያርፍ። ጠቆር ያለ ጠላ ለሚወድ ደረቆቱን ምጣድ ላይ እስኪጠቁር እንደሚቆሉት፤ ይህንን ሲሉኝ ያ ጥቁር ቢራ ትዝ አለኝ፤ እርሱም ቀለሙን የሚያገኘው ከተቆላ ገብስ ነው። «ውኃው የተለወጠ እንደሆነ ጠላውም ይለወጣል» አሉኝ፤ ይህንኑ ቃል ከአንድ የባላርድ ጠማቂ ሰምቼው ነበር። እርሾ ከየት እንደሚጨምሩ ስጠይቃቸው ጥያቄው አልገባቸውም። የሚጨመር እርሾ የለም። ከብቅሉ፣ ከጌሾው፣ ስንት ዘመን ከጠመቀው ከጋኑ ይነሳል። በብራስልስ ዙሪያ ላምቢክ የሚባለውን ቢራ እንዲሁ ነው የሚጠምቁት፤ የፈላውን ሰፊ ገበታ ላይ ሌሊቱን ለአየር ገልጠው፣ ከአየሩና ከበርሜሉ በሚነሳው እርሾ። ዓለም ስለዚያ ቢራ በአድናቆት ይናገራል።

«መድረሱን በምን ያውቃሉ?» አልኳቸው በመጨረሻ።

«ጆሮህን አስጠጋ» አሉኝ። ወደ ጋኑ ጎንበስ አልኩ። ውስጡ በዝግታ ይንሾካሾካል። «ይህ ድምፅ ሲቀር እመርገዋለሁ። ገና ነገ ነው።»

የቀመስኩት ጠላ ጭሱ ለስላሳ፣ ምሬቱ ልከኛ፣ መጨረሻው ደረቅ ነበር። እንደ ጠጪ ፍርዴን ልስጥ፤ በሲያትል በ8 ዶላር ከጠጣኋቸው ከብዙዎቹ ይበልጣል። ሴትዮዋ በዚህ ሙያ ሦስት ልጆች አስተምረዋል። ሆኖም ሥራቸውን ሲጠቅሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «ያው ጠላ ሻጭ ነኝ» አሉኝ። የባላርዱ ጠማቂ ፎቶግራፉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ አገርም ኤል የሚሉትን ቢራ የሚጠምቁት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ፤ ሙያው ትልቅ ንግድ ሲሆን ከእጃቸው ወጣ። የእኛዎቹ እጅ ላይ ገና አለ። «ጠላ ሻጭ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የምንጠቀምበት ሰዎች ምን እያጣን እንደሆነ ባውቅ ኖሮ በልጅነቴ ቃሉ ሲነገር አብሬ አልስቅም ነበር።

ገብሱን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በ1937 እና 1938 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጣ የጀርመን ተጓዥ ቡድን ከገበሬዎቻችን የገብስ ዘር ሰብስቦ ሄደ። ከእነዚያ ዘሮች ውስጥ የገብስን ቅጠል ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት አስመስሎ የሚያደርቀውን የሻጋታ በሽታ የሚቋቋም ባሕርይ ተገኘ፤ ኋላም ወደ አውሮፓ የቢራ ገብስ ዝርያዎች ተሻገረ። ዛሬ በርካታ የአውሮፓ ዝርያዎች ይህንኑ ይዘዋል። በካሊፎርኒያም ገብስን አቀጭጮ ቢጫ ከሚያደርግ የቫይረስ በሽታ የጠበቀው ከኢትዮጵያ ገብስ የተወሰደ ባሕርይ ነው። ያንን ዘር ለዘመናት መርጠው ያቆዩት ስማቸው የትም ያልተጻፈ ገበሬዎች ናቸው።

ሁሉም ነገር በአገር ቤት ያምራል ማለቴ አይደለም። ጠላ ቤት ገብተህ ምን ያህል አልኮል እንደምትጠጣ አታውቅም፤ ጠላ ከ2 እስከ 6 በመቶ ገደማ ይለዋወጣል፤ የዛሬው ከትናንትናው ላይመሳሰል ይችላል፤ ንጽሕናው በሴትዮዋ ጥንቃቄ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በሲያትል የአልኮሉ መጠን በመቶኛ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ስለማየው መቼ ማቆም እንዳለብኝ አውቃለሁ። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011፣ የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ማስወጣቱንና ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ መከልከሉን ከልቤ እደግፋለሁ። የክራፍት ቢራውም ዓለም ያሳዝነኛል አንዳንዴ። ኬክና ከረሜላ የሚቀምስ ቢራ፣ ዐሥር በመቶ አልኮል ያለው ቢራ፣ በየሳምንቱ አዲስ ስም። የወደድኩትን ፈልጌ ስመለስ የለም፤ ዳግመኛም አይጠመቅም። ሴትዮዋ አንድ ጠላ ብቻ ነው የሚጠምቁት፤ በየሳምንቱ ያንኑ ለማሻሻል ይደክማሉ።

ከተመለስኩ በኋላ ራሴ ልሞክር ወሰንኩ። ጌሾው ከሐበሻ ሱቅ ተገኘ። ገብሱን ዘፍዝፌ፣ ሸፍኜ አበቀልኩ። ጋን ስለሌለኝ በብርጭቆ ማሰሮ ጠነሰስኩ፤ ወይራ ስለሌለኝ ሳላጥን ቀረሁ። በዘጠነኛው ቀን ቀመስኩት። ምሬቱ አለ፤ ሰውነት ግን የለውም፤ ቅራሪ ይመስላል። ለአክስቴ ደወልኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ስልኩን ይዛ ሁለት አጥር ተሻግራ ሄደች፤ ከወዲያ የጋን ክዳን ሲነሳ ሰማሁ።

«ብቅሉን ስንት ቀን አቆየኸው?» አሉኝ ሴትዮዋ።

«ሁለት ቀን።»

«ቸኩለሃል፣ ልጄ። ሥሩ አልወጣም። እንደገና ዘፍዝፍ፤ ስታየው በስልኩ አሳየኝ።»

ቅዳሜ አዲስ ገብስ እዘፈዝፋለሁ።